ዊዛርድስ ሆን ብሎ ነው ወይ የሚሸነፈው? ከቆየ ደጋፊ የተሰጠ መልስ

ጥያቄህን አየሁት ወንድሜ። ከዳላስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣችሁ ጥቂት ወራት ሆኗችኋል። የ12 ዓመቱ ልጅህ ቅርጫት ኳስ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰፈር ውስጥ ስለ ዋሽንግተን ዲሲው የኤንቢኤ ቡድን ስትጠይቅ "ዊዛርድስ? እሱ እኮ ሆን ብሎ የሚሸነፍ ቡድን ነው" አሉህ። አንተም "እውነት ነው? ለልጁ የዓመት ቲኬት ብገዛለት ገንዘቤን መጣል ነው?" ብለህ ጠየቅክ። እስካሁን የመጡልህ መልሶች አብዛኞቹ ቀልድ ናቸው። አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ከቀድሞው ኮከባችን ከጆን ዎል ዘመን ጀምሮ ይህን ቡድን በአዳራሽም በቴሌቪዥንም ስከታተል ስለኖርኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ይህን የምጽፈው ጁላይ 2025 ላይ ነው፤ "አሁን" እና "ዘንድሮ" ስል ያንን ጊዜ ነው።

መሸነፉ እውነት ነው። በ2023-24 ሲዝን 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ። በክለቡ ታሪክ ከዚህ የባሰ የለም። በቀጣዩ ሲዝን 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ። በሁለቱም ሲዝኖች 16 ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈበት ጊዜ ነበር።

ግን ተጫዋቾቹ ለመሸነፍ ብለው አይጫወቱም። የ20 ዓመት ልጅ ቀጣዩ ኮንትራቱ የሚወሰነው በየማታው በሚያሳየው ነው። ለክለቡ የድራፍት ዕጣ ብሎ ኳስ አይስትም። (ድራፍት ማለት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ነው፤ ብዙ የተሸነፉት ቀድመው የመምረጥ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች የሚለየው ሎተሪ ነው።) የሚሸነፍ ቡድን የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ነው። የሚያሸንፉልህን ትሸጣለህ፣ ልጆቹን ታሰልፋለህ፣ ሽንፈቱ ራሱ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ባለፈው ኤፕሪል የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ማያሚ ላይ ነበር። ባብ ካሪንግተን የሚባለው የባልቲሞር ልጅ በመጨረሻዋ ቅጽበት አስቆጠረና በአንድ ነጥብ አሸነፍን። ልጁ በደስታ ሲዘል ግማሹ ደጋፊ ራሱን ይዞ ነበር። ለምን መሰለህ? ያቺ ኳስ ባትገባ ከዩታ ጋር እኩል 17 ድል ይዘን እንጨርስና የመጨረሻው ደረጃ በዕጣ ይለይ ነበር። ኳሷ ስለገባች ዩታ ብቻውን የመጨረሻ ሆነ። የሎተሪው ደንብ ደግሞ የመጨረሻውን ቡድን ከ5ኛ በታች አያወርደውም፤ ከመጨረሻ ሁለተኛው ግን እስከ 6ኛ ሊወርድ ይችላል። ሎተሪው ሲወጣ ዩታ 5ኛ፣ እኛ 6ኛ ሆንን። እናንተ ዳላሶች በ1.8 ከመቶ ዕድል አንደኛ ወጥታችሁ ሁሉም ሲመኘው የነበረውን ወጣት ኩፐር ፍላግን ወሰዳችሁ። ኮከባችሁን ሉካን አሳልፋችሁ በሰጣችሁ በወራት ውስጥ! አንዳንዱ ሰው ዕድለኛ ሆኖ ይፈጠራል።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው "ታዲያ መሸነፉ ምን ፈየደ?" ሊል ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን ከዚህ በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህ ክለብ ዋንጫ ያነሳው ቡሌትስ በሚባልበት ጊዜ፣ በ1978 ነው። በአንድ ሲዝን 50 ጨዋታ ያሸነፈውም ለመጨረሻ ጊዜ በ1978-79 ነው። በእኔ ዕድሜ ያየነው ትልቁ ነገር የ2017ቱ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ለዋንጫ የሚደረገው ውድድር) ነው። ቦስተንን በስድስተኛው ጨዋታ ዎል በሦስት ነጥብ ኳስ ገድሎ ጠረጴዛ ላይ የወጣበትን ማታ ዛሬም የምናወራው ሌላ የምናወራው ስለሌለን ነው። በሰባተኛው ጨዋታ ኬሊ ኦሊኒክ 26 ነጥብ አስገብቶብን ወደ ቤት ሸኘን። (ይኸው ኦሊኒክ በዚህ ሰሞን በዝውውር መጥቶ ለጥቂት ቀናት የኛ ሆነና ወደ ሳን አንቶኒዮ ተሸኘ። ቂሜን እንኳ ለማውጣት ጊዜ አልሰጡኝም።)

ከዚያ በኋላ ዎል ተጎዳ። ትልቁ ውሉ ግን አልተጎዳም። እስከ 2023 ድረስ ክለቡ "ዘንድሮ ትንሽ ብንጨምርበት ፕሌይኦፍ እንገባለን" እያለ ኖረ። በአምስት ሲዝን ፕሌይኦፍ የገባው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በ2021 ፊላደልፊያ 4 ለ1 አሰናበተው። በ2021-22 እና በ2022-23 ሁለቱንም ጊዜ 35 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። በድራፍት በተከታታይ 9ኛ፣ 9ኛ፣ 15ኛ፣ 10ኛ መረጠ። ኮከብ የሚገኝበት የላይኛው ምርጫ አይደርሰው፣ ዋንጫ የሚፎካከር ቡድን አይሆን። መሐል ላይ የተቸከለ ቡድን ማለት ይህ ነው። ለእኔ ከ15 ድሉ ዓመት ይልቅ የሚያናድደኝ ይህኛው ዘመን ነው። 15 ስታሸንፍ ቢያንስ የት እንዳለህ ታውቃለህ።

በ2022 ለብራድሊ ቢል 251 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአምስት ዓመት ውል ሰጡት። በዚያ ላይ ያለ ፈቃዱ እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ጨመሩለት። ዓመት ሳይሞላው አስተዳደሩ ተቀየረ። ማይክል ዊንገርና ዊል ዶውኪንስ መጡ። ዶውኪንስ ከኦክላሆማ ሲቲ የመጣ ሰው ነው። ቢልን ወደ ፊኒክስ ሲሸጡት በዚያ አንቀጽ ምክንያት መድረሻውን የሚመርጠው እሱ ስለነበር በእሱ ደረጃ ላለ ተጫዋች የሚገባውን ያህል አላገኙም። ሌላውን ኮከባችንን ፖርዚንጊስን ወደ ቦስተን ላኩት፤ በዓመቱ እዚያ ዋንጫ አነሳ። እኛ ደግሞ ታሪካችንን በ67 ሽንፈት ጻፍን። የመሸነፉ ጉዳይ ያኔ ነው የጀመረው።

አሁን ዕቅዱን ላስረዳህ፤ ከተረዳኸው ጨዋታውን የምታይበት ዓይን ይቀየራል። የድራፍት ልጆችን በየዓመቱ ያከማቻሉ። ቢላል ኩሊባሊ በ2023፤ አሌክስ ሳር፣ ካሪንግተንና ካይሾን ጆርጅ በ2024፤ ትሬ ጆንሰንና ዊል ራይሊ ዘንድሮ። ስድስቱም የአንደኛ ዙር ምርጫ ናቸው፤ ስድስቱም ከ22 ዓመት በታች። ከጎናቸው ነባር ተጫዋቾችን ያስቀምጣሉ፤ ግን ውላቸው ሊያልቅ የተቃረበ ይመርጣሉ። ክሪስ ሚድልተን በኩዝማ፣ ሲጄ ማኮለም በፑል ልዋጭ የመጡት ለዚህ ነው። የሁለቱም ውል በ2026 ያበቃል። ያን ጊዜ ከደሞዝ ጣሪያው (ሊጉ ለተጫዋቾች ክፍያ ካስቀመጠው ልክ) ላይ ትልቅ ቦታ ይከፈታል። እስከዚያ ልጆቹን ያስተምራሉ።

ብዙ ሰው "ኦክላሆማም እንዲህ ተሸንፎ ነው ዘንድሮ ሻምፒዮን የሆነው" ይላል። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ኦክላሆማ 22፣ 24፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 57፣ በመጨረሻ 68 አሸንፎ ዋንጫ አነሳ። ቁጥሩ ያምራል። ግን ኮከባቸው ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በመሸነፍ የመጣ አይደለም፤ በ2019 ፖል ጆርጅን ሲሸጡ የተቀበሉት ልጅ ነው። ጄለን ዊሊያምስም የተገኘው ከዚያው ሽያጭ በመጣ ምርጫ ነው፤ 12ኛ ሆኖ። በሌላ በኩል ፊላደልፊያን ተመልከት። ከ2013 እስከ 2016 በሦስት ሲዝን 47 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ኮከቡን ኤምቢድን አገኘ። እስከ ዛሬ ግን ከሁለተኛው ዙር አላለፈም። መሸነፍ ዕጣ ይሰጥሃል እንጂ ቡድን አይሰጥህም። ቡድን የሚሠራው ምን ሸጠህ ምን እንደተቀበልክ ነው።

እዚህ ላይ ነው ደጋፊው ከሁለት የሚከፈለው። በተለይ በዴኒ አቭዲያ ጉዳይ።

ዴኒ የ2020 ምርጫችን ነው፤ የእስራኤል ልጅ። ገና እየበሰለ ነበር። በ2023 የተፈራረሙት ውል የአራት ዓመት 55 ሚሊዮን ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነት ተጫዋች ርካሽ ነው። በ2024 ለፖርትላንድ ሰጡት። በምትኩ 14ኛውን ምርጫ (ካሪንግተን የመጣው በእሱ ነው)፣ ለ2029 አንድ የአንደኛ ዙር ምርጫና ሌሎች ነገሮችን ተቀበሉ። አሽዶድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለዴኒ ብሎ ከሌሊቱ በእነሱ ሁለት ሰዓት እየተነሳ ዊዛርድስን ያይ ነበር። እዚያ ያሉ ቤተ እስራኤል ጓደኞቹም እንደዚሁ። ዴኒ በተሸጠ ማግስት ደውሎ "ለመሆኑ እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችኋል?" አለኝ። አሁን ፖርትላንድን ነው የሚያየው። በጨዋታው ሰዓት እዚያ ሊነጋ ሲል ነው፤ "ለእንቅልፌ የተሻለ ነው" ይላል።

እኔ ያንን ሽያጭ እስካሁን አልተቀበልኩትም። ዕድሜው 23፣ ውሉ ርካሽ፣ ራሳችን ያሳደግነው። እሱን የሚሸጥ ቡድን ማንን ሊያስቀር ነው? የሚከራከሩኝ ወጣቶች ደግሞ "እነ ሳር እስኪበስሉ እሱ ሊያረጅ ነው፤ በዚያ ላይ እሱ ካለ ብዙ እናሸንፋለን" ይላሉ። ሁለተኛውን ሲሉ ዓይናቸውን አያሹም። ብዙ እናሸንፋለን ብሎ መፍራት! ግን ሒሳቡ የራሱ አመክንዮ አለው። መጪውን ሲዝን ተመልከት። በ2020 ዎልን ወደ ሂዩስተን ስንሸኝ አብራ የሄደች የአንደኛ ዙር ምርጫ አለች። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ አሁን ኒውዮርክ ጋ ናት። የ2026 ምርጫችን ከ1 እስከ 8 ከወጣ የኛው ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ካለፈ የኒውዮርክ ነው። ስለዚህ ዘንድሮም ክለቡ ለድል ይቸኩላል ብለህ አትጠብቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ "ምነው አንድ ደህና ነባር ተጫዋች ቢያመጡ" የሚል ሰው ስትሰማ መልሱ ይህ ነው።

ደጋፊው እንዴት ያየዋል ላልከው፣ አንድ ዓይነት ደጋፊ የለም። ቡሌትስን የሚያስታውሱ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ፤ የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው። እሳቸው በሽንፈቱ አይናደዱም። እሳቸውን የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። በዲሴምበር 2023 ባለቤቱ ቡድኑን ከመሐል ከተማ አውጥቶ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ ሊወስድ ነው ሲባል ነው የተቆጡት። ያው ቡድኑ በዚያ ሰሞን ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። በማርች 2024 ያ ዕቅድ ፈረሰ፤ ዲሲ ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ተስማማና እዚያው ቻይናታውን ቀረ። እኛ ሜሪላንድ ያለነው በቀይ መስመር ቀጥታ ስለምንደርስ እፎይ አልን። ቨርጂኒያ ያሉት ወዳጆቻችን ግን አኩርፈዋል።

የእኛ ሰው አብዛኛው የእንግሊዝ ኳስ ነው የሚከታተለው፤ እዚያ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ይወርዳል። "የመጨረሻ ወጥቶ የሚሸለም" የሚለው ነገር ለአርሰናል ደጋፊ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ሞክሬ ተስፋ ቆርጫለሁ። ልጆቻችን ደግሞ ቡድን ሳይሆን ተጫዋች ነው የሚደግፉት። ስለዚህ ሌከርስ ወይም ኒክስ ሲመጣ አዳራሹ ይሞላል፤ ግን ግማሹ ጩኸት ለእንግዳው ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችንን ጠይቃቸው፤ ማን እንደሚጫወት ከሥራው ብዛት ብቻ ይነግሩሃል።

እኔ ይህን አስተዳደር የምመዝነው በድል ብዛት አይደለም። ሳር ባለፈው ሲዝን ወደ ሊጉ አዲስ ከገቡት አምስት ምርጦች አንዱ ሆነ፤ ካሪንግተን በሁለተኛው አምስት ገባ፣ 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ። ይህ ጥሩ ነው። ግን ከስድስቱ ልጆች ሌሊት ሰው ቀስቅሶ የሚያስቀምጥ ኮከብ እስካሁን አላየሁም። በ2026-27 የደሞዙ ቦታ ተከፍቶ፣ ምርጫዋም ከኒውዮርክ ዕዳ ነፃ ወጥታ፣ አሁንም "ትዕግሥት" የሚሉኝ ከሆነ ያን ጊዜ እኔም ከሚያላግጡት ጋር እቀመጣለሁ።

ወደ ቲኬቱ። የዓመት ቲኬት አትግዛ። ለልጁ ስትል እንኳ አትግዛ። ከ41 የሜዳችን ጨዋታዎች ሲበዛ አሥሩን ነው የምትሄደው፤ የቀረውን መልሰህ ልሽጥ ብትል በማክሰኞ ማታ ሻርሎት ሲመጣ የሚገዛህ የለም። ለአንተ ግን ይህ መልካም ዜና ነው። እነዚያን የማክሰኞና የረቡዕ ጨዋታዎች በቀኑ ከሰዓት ላይ ስልክህ ላይ ፈልግ፤ ዋጋው ሌከርስ ከሚመጣበት ማታ ጋር አይገናኝም፤ ወረድ ያለ ወንበርም ታገኛለህ። በር እንደተከፈተ ግቡ። ልጆቹ ቀድመው ወጥተው ሲያሟሙቁ ቅርብ ሆኖ ማየት ለ12 ዓመት ልጅ ከጨዋታው ይበልጣል። መኪና አትውሰድ፤ ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ አዳራሹ ሥር ነው።

ደግሞ ኮንግረስ ሃይትስ የሚገኘው ትንሹ አዳራሽ ውስጥ ካፒታል ሲቲ ጎ-ጎ ይጫወታል፤ የዊዛርድስ ታዳጊ ቡድን ነው። በአረንጓዴው መስመር ትደርሳለህ። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ አሰልጣኙ ሲጮህ ሁሉ ይሰማል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። መጀመሪያ እዚያ ውሰደው። ቀኑን ከነገርከኝ እኔም የእህቴን ልጅ ይዤ እመጣለሁ፤ ዕድሜያቸው ይቀራረባል።