በሩን ለከፈተችልኝ ሴት ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? በሥራዬ ምክንያት ከአገር ወደ አገር እመላለሳለሁ። ባለፈው ጊዜ ቋንቋውን በማላውቀው አገር የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠኝ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ፣ ዝናቡም እየወረደብኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ አንዲት አሮጊት በራቸውን ከፍተው በእጃቸው ጠሩኝ። የራሰ ጫማዬን ራሳቸው ፈትተው፣ አልጋቸውን ለእኔ ለቅቀው፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተደግፈው አደሩ። ሃይማኖታቸው የእኛ አይደለም። ጠዋት ትኩስ ወተት አቀረቡልኝ፤ ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም እምቢ ማለት ከብዶኝ ጠጣሁ። ስሰናበት ገንዘብ ባወጣ ፊታቸው ተለወጠ፤ ብሩን እንደያዝኩ ጣቶቼን አጥፈው እጄን ዘጉት። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ውለታቸውን በምን ልመልስ? ከእምነታችን ውጭ ያሉ ሰዎች ደግነት በእግዚአብሔር ዘንድ እንዴት ይታያል? እኔስ የመጣውን እንግዳ ሁሉ መቀበል አለብኝ? እውነቱን ለመናገር መታለልን እፈራለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጥያቄሽን ደግሜ ደጋግሜ ሳነብ ልቤን የያዘው እጅሽን የዘጉበት ቦታ ነው። ገንዘቡን ያወጣሽው ውለታው ስለከበደሽ ነው። የሰው ዕዳ ተሸክሞ መሄድ ለጨዋ ሰው ይከብዳል፤ ከፍለሽ ነጻ ልትወጪ ፈለግሽ። እሳቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ ያደሩበትን ነገር በዋጋ ልትለውጪባቸው ስትይ አዘኑ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ካለ በኋላ፣ «የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ» ይላል። ይህን ቃል ሁልጊዜ የምናነበው ራሳችንን በጋባዡ ቦታ አስቀምጠን ነው። በዚያች ሌሊት ግን የሚመልሰው የሌለው እንግዳ አንቺ ነበርሽ። ብፅዕናው የሳቸው ነው፤ ተይላቸው።

መቀበል ውርደት እንዳይመስልሽ። መጻሕፍትን ብታስተውዪ እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚመጣው እየለመነ ነው። ጌታ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀምጦ፣ ከአይሁድ ጋር ከማይተባበር ሕዝብ የሆነችውን ሴት «ውኃ አጠጪኝ» አላት። ዘኬዎስን ከዛፍ አውርዶ ዛሬ በቤትህ እውላለሁ አለው። በፍርድ ቀንም የሚለን «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ነው። በሩ ላይ የቆመው፣ እጁን የዘረጋው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ አንቺ ርሰሽና በርዶሽ በዚያ ደጃፍ በቆምሽ ጊዜ፣ ክርስቶስ ራሱን ባስቀመጠበት ቦታ ቆመሽ ነበር። ይህን ማሰብ እኔን ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

ውለታውን በምን ልመልስ ላልሽው፣ የምትመልሺው ለሌላ ሰው ነው። ይህን ከራሴ አውጥቼ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር ለእስራኤል መጻተኛውን እንደ ነፍስህ ውደደው ሲል ምክንያቱን አብሮ ሰጣቸው፤ እናንተም በግብፅ ምድር እንግዶች ነበራችሁ አላቸው። ግብፅ ላይ የቀመሱትን ግብፅ ሄደው እንዲከፍሉ አላዘዛቸውም፤ በደጃቸው ለቆመው አሻገረባቸው። የአባ ጳኩሚስም ታሪክ እንዲሁ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገና ክርስቶስን ሳያውቅ በግድ ለውትድርና ተወስዶ፣ በዓባይ ወንዝ በጀልባ ተጭኖ በግብፅ በቴብስ ከተማ እንዳያመልጥ ተዘጋበት። ማታ የማያውቃቸው ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘው መጡ። እነዚህ እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ለሰው ሁሉ፣ ለእንግዳም ደግ ያደርጋሉ አሉት። ያን ሌሊት ለብቻው ጸለየና ከዚህ ከወጣሁ ሰውን ሁሉ አገለግላለሁ ብሎ ተሳለ። ከተለቀቀ በኋላ ተጠመቀ፤ የመነኮሳትንም የአንድነት ኑሮ ሥርዓት የሠራው እርሱ ነው። ያንን ምግብ ያመጡለትን ሰዎች ፈልጎ እንደከፈላቸው ግን ታሪኩ አይናገርም።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ብዙዎች ያነሱታል፤ አንዳንዶችም ሲመልሱ ይቸኩላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግን ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንደሚያሳዩ ይነግረናል። አባቶቻችን ሕገ ልቡና የሚሉት ይህንን ነው። ራሱ ጳውሎስም ቀምሶታል። 276 ሰው የጫነችው መርከብ ከ14 ቀን ማዕበል በኋላ ተሰብራ ሁሉም ዋኝተውና በስብርባሪ ተንጠላጥለው ማልታ ደሴት ላይ ሲወጡ፣ የደሴቱ ሰዎች በዝናቡና በብርዱ ምክንያት እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። ቅዱስ ሉቃስ ያደረጉት ቸርነት የሚያስገርም እንደነበረ ይመሰክራል፤ ሰዎቹ ገና አረማውያን ናቸው። የማን ወገን ናችሁ ሳይሉ እሳት አነደዱ! የመቶ አለቃው የቆርኔሌዎስም ጸሎትና ምጽዋት፣ ገና ሳይጠመቅ፣ ለመታሰቢያ በእግዚአብሔር ፊት ዐርጓል፤ መልአኩም ወደ ጴጥሮስ መራው። ስለዚህ ደግነታቸው ከንቱ ነው አትበዪ። እምነትና ጥምቀት አያስፈልግም ወደሚለውም አትሂጂ፤ የቆርኔሌዎስ ምጽዋት ያደረሰው ወደ ጥምቀት ነውና። የእኒያን እናት ፍርድ የልባቸውን ለሚያውቀው ተዪለት። ያንቺ ድርሻ ማመስገን ነው፤ ጌታ በናዝሬት ምኵራብ፣ በእስራኤል ብዙ መበለቶች ሳሉ ኤልያስ የተላከው ወደ ሲዶና አገር ሴት ነው ባለ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጥተው ከገደል ሊጥሉት እንደ ተነሡ አስታውሺ። በጎነት ከእኛ አጥር ውጭ ሲገኝ የሚቈጣ ልብ እንዳይኖረን።

የወተቱን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። በቆሮንቶስ መልእክት የሚያቀርቡላችሁን ብሉ የተባለው ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ እንጂ ስለ ጾም ቀን አይደለም፤ ጾም ጾም ነው። ወደፊት እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ፈገግ ብለሽ ብትመልሺው በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ግን ወተቱን ስትናዘዢ ያጠጡሽን እናት ደግነት ከኃጢአትሽ ጋር አብረሽ እንዳትቈጥሪው።

መታለልን መፍራትሽን አልነቅፍም። እኔም በሐሰት ለቅሶ ተታልዬ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለወራት እጄን ስዘረጋ ዐይኔ ይጠራጠር ነበር። ስለዚህ ነገር አበው ስለ አብርሃም የሚተርኩትን ልንገርሽ። አባታችን አብርሃም ያለ እንግዳ ማዕድ አይቀርብም ነበርና፣ ሰይጣን ይህን ሊያስተወው ፈለገ። አብርሃምን ንፉግ ለማድረግ አልሞከረም። መንገድ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን «አብርሃም እንደ ዱሮው እንዳይመስላችሁ፣ ዛሬ ሰው ይደበድባል» እያለ መለሳቸው። ሦስት ቀን እንግዳ ጠፋ፤ አብርሃምም ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ በኋላ ነው ሥላሴ በእንግድነት የመጡለት፤ ሐምሌ 7 ቀን የምናከብረውም ይህንኑ ነው። ጠላት መንገዱን የዘጋው በወሬ እንደሆነ ተመልከቺ። ዛሬም ያ አገር ሰው ሌባ ነው፣ ያ ሕዝብ አረመኔ ነው የሚለው ወሬ ስንቱን በር ዘግቷል!

አብርሃም ግን የ99 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በቀትር ፀሐይ ሮጠ። ጥቂት ውኃና ቁራሽ እንጀራ ብሎ ጠርቷቸው፣ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት አስቦክቶ፣ ጥጃ አሳርዶ አቀረበ፤ ሲበሉም ከዛፉ በታች ቆሞ አስተናገደ። ስማቸውንና አገራቸውን መጠየቁ አልተጻፈም።

ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን በጭፍን ተቀበዪ አትልም። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት የተጻፈው ዲዳኬ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ፣ በጌታ ስም የሚመጣውን ሁሉ ተቀበሉ፣ ከዚያ መርምሩ ይላል፤ መንገደኛ ከሆነ አቅማችሁ በፈቀደ እርዱት፣ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ ግን አይቀመጥ፤ መኖር ከፈለገ ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ። ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ፤ መቀበሉ ይቀድማል፣ ምርመራው ይከተላል። አንቺ ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ በሌሊት የማታውቂውን ወንድ ቤትሽ አስገቢ የሚልሽ የለም። ጎረቤት ጥሪ፤ አብረሽው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ የሚያድርበትን ፈልጊለት። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ ዳር ለመንገደኞችና ለሕሙማን ማረፊያ የሠራው የአንድ ሰው ቤት ሁሉን እንደማይችል ስላወቀ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ፣ የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ አለ ብላችሁ አትቀመጡ፣ በየቤታችሁ ለክርስቶስ አንዲት ክፍል አዘጋጁ ብሎ ሕዝቡን ይመክር ነበር። ክፍል ከሌለሽ ወንበር ይበቃል። እኒያ እናትም የነበራቸው አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነው።

የቀረው የስማቸው ነገር ነው። ሳትጠይቂ በመውጣትሽ ማዘንሽ ይገባኛል፤ ሌላ ጊዜ ጠይቂ፣ ስም መጠየቅም ክብር መስጠት ነው። ለጸሎት ግን አትጨነቂ። በማድጋዋ እፍኝ ዱቄት የቀራትን፣ ሁለት እንጨት ስትለቅም ኤልያስ ያገኛትን የሰራፕታ መበለት ስሟን መጽሐፍ አልጻፈልንም፤ ለአንቺ እንደ ተደረገው ሁሉ ለመንገደኛ አልጋ የዘረጋችውን፣ ኤልሳዕን ያሳደረችውን የሱነም ሴትም እንዲሁ። ማታ ስትጸልዪ፣ አቤቱ፣ በዚያች በዝናቡ ሌሊት አልጋቸውን ለቅቀውልኝ ወንበር ላይ ያደሩትን እናት አስባቸው በዪ። የትኛዋን እንደምትዪ ያውቃል።