ሰላይ መሆን ለምትፈልገው የማራኪ ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፣ እዚህ ፒያሳ ሁለት ቀን ኔትወርክ አስቸግሮን ነበር። ጥያቄህ ባጭሩ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ፖለቲካል ሳይንስ 3ኛ ዓመት ነኝ፣ ስለላ ላይ መስራት እፈልጋለሁ፣ በየት በኩል ልግባ» ነው። ሲቪህንም አየሁት፣ ችሎታ የሚለው ጋ «ሚስጥር እጠብቃለሁ» ብለሃል፣ ሜሴጅህ ላይ ደግሞ ሀሳብህን ለዶርም ልጆች በሙሉ እንደነገርካቸው ጽፈህልኛል፣ ሃሃ፣ እሷን መስመር አጥፋት።

የምር እናውራ ካልን ስራው እንደ ፊልሙ ሽጉጥና መኪና አይደለም፣ አብዛኛው ቁጭ ብሎ ማንበብና ሪፖርት መጻፍ ነው፣ ግን ያቺ ሪፖርት ሁለት አገር ታጣላለች ወይ ታበርዳለች። በፈረንጅ 1960 ግንቦት ላይ የምስራቅና የምዕራብ መሪዎች የፓሪስ ስብሰባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሶቪየቶች የአሜሪካን ዩ-2 የሚባል የስለላ አውሮፕላን መትተው ጣሉ፣ አሜሪካኖቹ ፓይለቱ አልተረፈም ብለው አስበው አውሮፕላኑ የአየር ጠባይ የሚያጠና ነው አሉ፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩስቼቭ ዝም ብሎ አስወራቸውና ፓይለቱ በህይወት እኔ ጋ ነው አላቸው በቃ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት አይዘንሃወርም ይቅርታ አልጠይቅም አለ፣ ስብሰባው በዛው ፈረሰ። ለኔ ከስለላው ይልቅ የጎዳቸው ውሸቱ ነው፣ መሰለልማ ሁሉም ይሰልላል።

ደግሞ ጎርዲየቭስኪን አንብብ፣ ለንደን ያለ የኬጂቢ፣ የሶቪየት ስለላ ድርጅት፣ ሰው ሆኖ ውስጥ ውስጡን ለእንግሊዝ ይሰራ የነበረ። በፈረንጅ 1983 የኔቶ (የምዕራባውያን የጦር ህብረት) ወታደራዊ ልምምድ ጊዜ ሞስኮዎች ለማስመሰል ሳይሆን እውነትም ጥቃት ፈርተው እንደነበር ያስረዳው እሱ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለንደንና ዋሽንግተን አነጋገራቸውን እንዲያለዝቡ ረድቷል። ሰላይ ሁሌ ያጣላል ያለህ ሰው ካለ ይቺን ንገረው።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ አረብኛ ጀምር፣ የሱዳን ድንበር መተማ እኮ አፍንጫችን ስር ነው፣ ካራቴ ከመማር በጣም ይሻልሃል። ከዛ የፈረንጁን 1961 የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 9 እይ፣ አገሮች ዲፕሎማት ምክንያት ሳይናገሩ የሚያባርሩት በሷ ነው። ውጭ ጉዳይንም አትናቅ፣ የማንበብና የመተንተን ስራው ብዙም አይራራቅም። ደህንነት መስሪያ ቤት አስገባሃለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅህ ካለ ግን ሌባ ነው፣ ማስታወቂያ ጠብቅ።

ለቅዳሜ ስለ ዩ-2ው አንድ ገጽ ብቻ ጻፍና ይዘህ ቢሮ ና፣ ሁለት ገጽ ከሆነ አላነብም። ብቻህን ና ደግሞ፣ ዶርሙን አስከትለህ እንዳትመጣ።