ወደ ድንጋዩ አትሩጡ

ይህን የምጽፈው በሚታጠፍ ምላጭ ጢም መላጨት ለምትለማመዱ ወጣቶች ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ምላጭ ስለሚሳልበት ድንጋይ ነው። 8000 ቁጥር ልግዛ ወይስ 12000 (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል)? የተፈጥሮ ይሻላል ወይስ ሰው ሠራሽ? ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን ተራው ገና ነው። መጀመሪያ ምላጩን በየቀኑ የምታሹበትን ቆዳ አሳዩኝ። ቆዳው ተጨማዶ፣ በስለት ተተልትሎ ከሆነ ለድንጋይ የምታወጡት ገንዘብ ከንቱ ነው።

ድንጋይ ብረት ይበላል። ስለት የሚያወጣው እሱ ነው። ቆዳው ከብረቱ የሚወስደው ግን ከቁጥር አይገባም። የተንጋደደውን ጫፍ ያቃናል፣ ያጸዳል፣ ያለሰልሳል። እናንተ ግን ምላጩ ጢም መንጨት ገና ሲጀምር ድንጋይ ታነሳላችሁ። በየሳምንቱ ድንጋይ ላይ የሚወጣ ምላጭ፣ የጀርመኑ ዞሊንገን ሥራ ይሁን የእንግሊዙ ሼፊልድ፣ ዕድሜ የለውም። ቆዳ በአግባቡ የሚያገኝ ምላጭ ግን ድንጋይ ሳያይ ወራት ይሠራል።

ስለት ለምን እንደሚደነዝዝ ማወቅም ይጠቅማል። ፀጉር ከምላጭ ብረት በ50 እጥፍ ገደማ የለሰለሰ ነው። ታዲያ ለስላሳው ጠንካራውን እንዴት ያሸንፋል? በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በማይክሮስኮፕ አይተው ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ጫፉ ቀስ በቀስ ከመታሸት ይልቅ በጥቃቅኑ ይሸረፋል። የሚሸረፈውም ፀጉሩ ሲታጠፍና የብረቱ ውስጥ ወጥ ያልሆነበት ቦታ ላይ ሲያርፍበት ነው። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጢሙን በሙቅ ውኃ በደንብ አርሱት፣ ምላጩንም ከፊት ቆዳ 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ ያዙ። ደረቅ ጢም ላይ የሚሄድ ምላጭ የትኛውም ድንጋይ አያድነውም።

ድንጋይ ግድ ሲሆን ደግሞ ጀርባውን አታንሱ። እንደ ወጥ ቤት ቢላ ጀርባውን ከፍ አድርጋችሁ ከሳላችሁት አለቀለት። የምላጭ ጀርባ የወፈረው በምክንያት ነው፤ ጀርባውና ስለቱ አብረው ድንጋዩ ላይ ሲተኙ ትክክለኛው ማዕዘን በራሱ ይመጣል። ስለቱ ከፊት፣ ጀርባው ከኋላ ሆኖ ይሄዳል። ድንጋዩም ለጥ ያለ መሆን አለበት። ላዩ ላይ በእርሳስ መስመሮች አስምሩና መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት እሹት። መስመሮቹ ሁሉም ሲጠፉ ድንጋዩ ቀንቷል።

ውኃውን አስተውሉ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ምላጩን ስትገፉት ከስለቱ ፊት ቀጭን ውኃ ይጠራቀምና ወደ ምላጩ ሆድ ይወጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከወጣ ስለቱ በሙሉ ድንጋዩን ነክቷል። አንድ ቦታ ላይ ውኃው ከሥር ሾልኮ ካለፈ እዚያ ጋ አልነካም ማለት ነው። ካልታያችሁ የስለቱን ጠርዝ በማርከር ቀቡትና አንድ ሁለቴ አስኪዱት። ቀለሙ ያልለቀቀበት ቦታ ድንጋዩን ገና አልነካም።

ዋናው ሥራ የሚያልቀው 1000 ቁጥር ላይ ነው። ሁለቱ ጎኖች በስለቱ ርዝመት ሁሉ መገናኘት አለባቸው። ሳይገናኙ ወደ 4000 ወይም 5000፣ ከዚያ ወደ 8000 ብትወጡ የምታገኙት የሚያብለጨልጭ ዱልዱም ነው። ከ1000 በኋላ ያሉት ድንጋዮች የቀድሞውን ጭረት ነው የሚያለሰልሱት። ከፍ ባላችሁ ቁጥር እጃችሁ ይቅለል። 8000 ላይ የምላጩ ክብደት ብቻውን ይበቃል።

አሁን ወደ ቆዳው። ፊልም ላይ ፀጉር አስተካካዩ ቆዳውን ጧ ጧ እያደረገ በፍጥነት ሲያመላልስ አይታችኋል። ለካሜራ ያምራል፤ እናንተ አትሞክሩት። ቆዳውን አጥብቃችሁ ወጥሩ፤ ከላላ ስለቱን ያድበለብለዋል። እዚህ ከድንጋዩ ተቃራኒ ነው፦ ጀርባው ይመራል፣ ስለቱ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ምላጩን የምታገላብጡት በጀርባው ላይ ነው። ጀማሪ ቆዳውን የሚተለትለው እዚህች መታጠፊያ ላይ ነው፤ ጀርባው ሳያርፍ ስለቱን ያዞረዋል። ስለዚህ ቁሙ፣ አገላብጡ፣ ከዚያ ሂዱ። ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

መጀመሪያ ከቆዳው ጋር አብሮ በሚንጠለጠለው የሸራ ጨርቅ ላይ 20 ጊዜ፣ ከዚያ ቆዳው ላይ 50 ጊዜ ያህል ማመላለስ በቂ ነው። ደህና ቆዳ ምላጩን በስሱ ይይዘዋል፤ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ሙልጭልጭ ካለ ደርቋል፤ በመዳፋችሁ አሹት፣ የእጅ ወዝ ይመልሰዋል። እርጥብ ምላጭ ቆዳ ላይ አታስኪዱ። ከተላጫችሁ በኋላ እስከ መታጠፊያው ድረስ አድርቁት፤ ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ስስ ዘይት ቀቡት። የካርቦን ብረት ዝገት ለመያዝ ሰበብ አይፈልግም።

ሙያ አድርጋችሁ ለምትይዙትም አንድ ነገር አለኝ። ይህ ምላጭ የግል ዕቃ ነው። ለደንበኛ ስለቱ የሚቀየር ምላጭ ተጠቀሙ፤ ሄፓታይተስ ቢ በዓይን በማይታይ የደም ቅንጣት ይተላለፋል።

ምላጩ ሲንጭ ታዲያ መጀመሪያ ቆዳው ላይ በእርጋታ ደግማችሁ አስኪዱት። እምቢ ካለ አረንጓዴው የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት የተቀባ ሌላ ቆዳ ላይ 10 ጊዜ ይበቃዋል፤ የዕለቱን ቆዳ በዚህ ቅባት አትንኩት። አሁንም ከነጨ 8000 ወይም 12000 ላይ ጥቂት አመላልሱት። 1000 ቁጥር የሚነሳው በአጉሊ መነጽር ሽርፍራፊ ካያችሁ፣ ወይም ምላጩ ተጥሎ ከሆነ ነው።