ከራዲያተሩ ፊት ያለው ብረት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ፣ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ በኮምፒውተር የሣለችውን ባለ ስድስት ጎማ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አትማ መጣችና «ጋሼ፣ ሌላው አገር የሚሠራውን እኛ ለመሥራት ምን ጎደለን?» አለችኝ። ስለ ገንዘብና ስለ ፋብሪካ የሚነገር መልስ ነበረኝ፤ ሥዕሉን ሳገላብጥ ግን ዐይኔ ከሞተሩ ፊት በሣለችው የብረት መከለያ ላይ ቀረ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ለማንም ያላወራሁት ጥፋቴም ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ በአንድ የግዢ ርክክብ ላይ የቴክኒክ ኮሚቴ አባል ሆኜ ተመደብኩ። የሚገዛው የወታደር ማመላለሻ ብረት ለበስ ነበር፤ የአቅራቢውን ስም አላነሳም። ከላይ ሲያዩት ያስፈራል፤ ተንበርክኬ ከሥር ሳየው ግን የምናውቀው የጭነት መኪና ሻንሲ ነው፤ ብዙ ቶን ብረት ሲጫንበት ሞተሩም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተርም አልተቀየሩም። ይባስ ብሎ የራዲያተሩ ፊት ጥይት እንዳያልፍ ተብሎ በተደራረቡ የብረት ክንፎች ተሸፍኗል። ለሙከራው የተመደበው ሾፌር፣ ጸጉሩ የሸበተ ሃምሳ አለቃ፣ ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ እጁን እየጠረገ ቀረበኝና «ጌታዬ፣ የዚህ መኪና አፍንጫ ተደፍኗል። ሰውና ጭነት ይዤ አዋሽ ልውረድና ሽቅብ ልመለስ፤ ከዚያ ትፈርማላችሁ» አለኝ።

ወሩ ሰኔ ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዝናብ ያረጠበው ሜዳ ላይ፣ በአዲስ አበባ ብርድ፣ ባዶውን ለአርባ ደቂቃ ያህል አዞርነው፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። በቅጹ ላይ «በሙሉ ጭነትና በሞቃት አካባቢ» የሚል ረድፍ አለ። ሰብሳቢው የአምራቹ ሰነድ ይበቃል አለ። እኔም ሃምሳ አለቃው አጠገቤ ቆሞ እያየ «ከሰነድ ተረጋግጧል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ምንም አልተናገረም፤ ጨርቁን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ።

በቀጣዩ ዓመት ተሽከርካሪዎቹ ቆላ ወረዱ። ከሄዱት መካከል ሦስቱ ውሃቸው እየፈላ መንገድ ዳር ቆሙ፤ የተቀሩትንም ወታደሮቹ መላ አበጁላቸው፤ የብረት ክንፎቹን ፈትተው ከኋላ ጫኑና ሞተሩን ገልጠው ነዱ። ጥይት እንዲከላከል ብለን የገዛነውን ብረት፣ መኪናው እንዲተነፍስ ሲሉ አወለቁት ማለት ነው። በዚያ መንገድ የሞተ ሰው አልነበረም፤ ይህ ግን በእኔ ጥንቃቄ የሆነ አይደለም።

ሙያውን የጀመርኩት ቤንዚን በሚጠጣው፣ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ በያዘው የአሜሪካ ኤም 41 ታንክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ሲቋረጥና የሶቪየት መሣሪያ ሲጎርፍ፣ 36 ቶን የሚመዝነው ባለ ናፍጣው ቲ 55 መጣ፤ በኢንች የተለካው መፍቻችን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። አለቃችን አንድ ሣጥን ሙሉ መፍቻ ቆልፎ «አንድ ቀን ይመለሱ ይሆናል» ሲል ሰምቼዋለሁ። ታንክ የሸጠልህ አገር ለዓመታት መለዋወጫውንም፣ አስተማሪውንም፣ ቅያሜውንም አብሮ እንደሚሸጥልህ የገባኝ በዚያ ሣጥን ነው።

ልጅቷን ግን «ሁሉን ራስሽ ሥሪ» አላልኳትም። ብሪታንያ ቺፍተን ታንኳን ላለመሸጥ በመወሰኗ፣ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1970 በጄኔራል እስራኤል ታል መሪነት መርካቫ የተባለውን የራሷን ታንክ ጀመረች፤ ታንኩ በ1979 አገልግሎት ሲገባም የሚያንቀሳቅሰው አሜሪካዊ ሞተር ነበር። ደቡብ ኮሪያ ኬ 2 ታንኳን ራሷ ሠርታ፣ ካምቢዮው ግን የጽናት ፈተናውን ደጋግሞ ስለወደቀባት ሁለተኛውን የምርት ዙር የራሷን ሞተር ከጀርመን ካምቢዮ ጋር አጋብታ አወጣች። ለእኔ የኮሪያውያኑ ችሎታ ከሁሉ በላይ የታየው የገዛ ልጃቸውን «ወድቀሃል» ባሉበት ወረቀት ላይ ነው። ብሪታንያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 589 አጃክስ ብረት ለበሶችን አዘዘች፤ ድምፁና ንዝረቱ የሚፈትኑትን ወታደሮች እስኪጎዳ ድረስ ሲደርስም፣ ከታች የተነሡ ማስጠንቀቂያዎች ተገቢውን ትኩረት እንዳላገኙ የራሷ መከላከያ ሚኒስቴር ግምገማ አመነ። ያን ሳነብ ታጥፎ ኪስ የገባው ጨርቅ ታየኝ።

የዘመኑ ወጣቶች ስክሪን ላይ የማይሞቅ ሞተር ታምናላችሁ፤ እጃችሁ ግራሶ ሳይነካ መሐንዲስ መባል ትወዳላችሁ። ይህን የምለው ግን እጁ በግራሶ ተነክሮ ሐሰት የፈረመ ሰው ስለሆንኩ፣ ወቀሳዬን ከዚህ አላስረዝምም። ከሻጭ የሚመጣ ሰነድ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴም አይደለም፤ አብዛኛው እውነት ነው፣ እውነትነቱ ግን ሻጩ በፈተነበት አየርና መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 10 ከመቶ ያጣል፤ ያው መኪና በዚያው ቀን ቆላ ወርዶ ይንገበገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የምንሠራው ታንክ ሳይሆን የመፈተኛ መንገድ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቢሆንም ልጅቷ ሥዕሏን እንድታቆም አልፈለግኩም፤ ያልሠራ ሰው ምን መፈተን እንዳለበትስ በምን ያውቃል?

እርሳስ አንሥቼ የራዲያተሩን መከለያ ከበብኩና «አየሩ በየት በኩል ይገባል? እሱን የሚያስገባው ቀዳዳ ጥይቱንም እንዳያስገባ ምን አድርገሻል?» አልኳት። ብዙ ዝም አለችና «ጋሼ፣ እሱን ከሌላ ሥዕል ላይ ነው የገለበጥኩት» አለችኝ። ወረቀቱን ጠቅልላ ይዛ ሄደች፤ አስተካክላ በሚቀጥለው እሑድ ልታመጣልኝ ተቀጣጥረናል።