ቫይታሚን ከመግዛትህ በፊት፦ አላድግ ላሉ ቆሮሶዎች

ወንድሜ፣ «ቆሮሶዎቼ (የቲላፒያ ዓሦቼ) በገንዳ ውስጥ አራት ወር ሞላቸው፣ አላድግ አሉኝ፤ የትኛውን ቫይታሚን ልስጣቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። በዚሁ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያቃጠልኩ ሰው ነኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

«በገንዳ» ማለትህ ጥሩ ነው። አረንጓዴ ውሃ ባለው የአፈር ኩሬ ውስጥ ያለ ቆሮሶ ከውሃው የሚለቅመው ነገር አለው፤ የጎደለውን በከፊል ራሱ ይሞላል። ንጹሕ ውሃ ባለው ገንዳ ውስጥ ያለው ግን አንተ ከምትሰጠው ሌላ ምንም የለውም።

እኔ ላይ ጉድለቱ የወጣው በአከርካሪ ነው። አንድ ዙር ጫጩቶች ግማሾቹ ጎበጡ፣ ግማሾቹ ወደ ጎን ተጣመሙ። አብዛኞቹ ዓሦች ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ውስጥ መሥራት አይችሉም፤ ከመኖ ማግኘት አለባቸው። ሲያጡት አጥንታቸው አይጠናም፣ ቁስላቸውም ቶሎ አይድንም። የሚገርመው እኔ ቫይታሚኑን እየጨመርኩ ነበር! ግን በፈላ ውሃ በማቦካው መኖ ውስጥ ነስንሼ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር። ተራው ቫይታሚን ሲ ሙቀትም አየርም አይችልም። ዓሣው አፍ ሳይደርስ አልቆ ነበር ማለት ነው።

በኋላ ከፎስፌት ጋር የተያያዘውን፣ ቶሎ የማይበላሸውን ዓይነት ያዝኩ። መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የምጨምረው። ለቆሮሶ መደበኛ እድገት በኪሎ መኖ 50 ሚሊግራም አካባቢ ይበቃል። የጎበጡት አልተቃኑም፤ ቀጣዩ ዙር ግን ቀጥ ብሎ አደገ። (መጣመም ሁሉ ከቫይታሚን ነው እያልኩህ አይደለም፤ ከዘርም ይመጣል።)

ያንተ ግን መጣመም አይደለም፣ አለማደግ ነው። እዚህ ላይ ቫይታሚን የመጨረሻው ተጠርጣሪዬ ነው። መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ጥቃቅን አዳዲስ ጫጩቶች እንዳሉ እይ። ወንድና ሴት አብረው ካሉ፣ ቆሮሶ ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል፤ የሚበላው ሥጋ ከመሆን ይልቅ እንቁላል ይሆናል፣ ገንዳውም ይጨናነቃል። ለዚህ ዱቄት መድኃኒት አይሆነውም። ከዚያ ኦክስጅን፦ በሊትር 5 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ይኑር። ከ3 ሲወርድ መብላታቸው ይቀንሳል፤ ያልተበላ መኖ ደግሞ ውሃውን ያበላሻል።

ቀጥሎ ፕሮቲን። ለትልልቆቹ ከ28 እስከ 32 በመቶ፣ ለጫጩት 40 እና ከዚያ በላይ። መኖህ በአኩሪ አተር ላይ የቆመ ከሆነ ቀድሞ የሚያጥረው ሜቲዮኒን የሚባለው የፕሮቲን መሥሪያ (አሚኖ አሲድ) ነው። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነማ ጭራሽ የፕሮቲንን መፈጨት ይከለክላል፤ በሙቀት መብሰል አለበት። በአኩሪ አተርና በእህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስም አብዛኛው ዓሣው ሊጠቀምበት በማይችል መልኩ ተቆላልፎ የተቀመጠ ነው። የሚከፍተው ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ እሱም ሙቀት ስለሚጎዳው መኖው ከተሠራ በኋላ ነው የሚረጨው።

ፕሮባዮቲክስ፣ ማለትም ከመኖ ጋር የሚሰጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችስ? ባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ያለበትን እመርጣለሁ፤ ስፖሩ (ጠንካራ ሽፋን ያለው የእንቅልፍ መልኩ) ሙቀትንም መከማቸትንም ይችላል። በእድገት ላይ ጎላ ያለ ለውጥ አላየሁም። ከገንዳ ወደ ገንዳ ሳዛውር የሚሞተው ግን ቀንሶልኛል። ከእርሾ ሴል ግድግዳ የሚወጣውን፣ የዓሣውን በሽታ የመከላከል አቅም ለማነቃቃት የሚሰጠውን ቤታ ግሉካንም እንዲሁ ከዝውውር በፊት ለጥቂት ሳምንት እንጂ ዓመቱን ሙሉ አልሰጥም።

የማሟያውን ዱቄት በደረቁ መኖ ላይ ነስንሰህ ከሆነ የምትሰጠው ገንዳው ነው የጠጣልህ። በጥቂት ዘይት፣ ለኪሎ መኖ 20 ሚሊሊትር ያህል፣ አሽተህ ለብጠው። ጥላ ላይ አድርቀህ በዚያው ቀን አብላ። ዘይቱ ከሸተተ ጣለው፤ የተበላሸ ዘይት ከቫይታሚን እጦት የማይተናነስ ጉዳት አለው።

ለማሳደጊያ አንቲባዮቲክ ስጥ የሚልህን ግን አትስማ። ጀርሞቹን መድኃኒት ታለማምዳለህ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለእንስሳት እድገት ማፋጠኛ እንዳይሆን ከልክሎታል።

የሆነ ማሟያ ከገዛህም ሁሉም ላይ አትጀምር። ሁለት ገንዳ፣ እኩል ዓሣ፣ አንድ ዓይነት መኖ፣ ማሟያው አንዱ ላይ ብቻ። በየሁለት ሳምንቱ ከየገንዳው ሠላሳ ሠላሳ ዓሣ መዝን። እኔ እንዲህ ሳደርግ ነው ከአራቱ ማሟያዎቼ ሁለቱን ያቆምኩት።

እስኪ የመኖህን ከረጢት ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፣ ወንድ ብቻ ናቸው ወይስ ድብልቅ የሚለውንም ጨምርበት።