ባዮስ የሚያየውን ዲስክ ዊንዶውስ ሲክደው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሲስተም ሲጫን ዲስክ አልታይ ስለማለቱ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 12ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰርና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። ዊንዶውስ 11ን በፍላሽ እንደ አዲስ ልጭን ስል፣ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ዝርዝሩ ባዶ ነው። ምንም ድራይቭ እንዳልተገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። እስከ ትናንት ያለ ምንም ችግር ይሠራ ነበር። ዲስኩ ተቃጥሎ ይሆን? አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ለመግዛት አይቸኩሉ። እስከ ትናንት ሲሠራ የቆየ ዲስክ ልክ ሲስተም ሊጫንበት ሲል የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ነገሩን የሚለየው ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ይግቡ። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ፤ ዴል፣ አሱስና ኤሰር ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ከሆነ ደግሞ ኤፍ1 ነው። እዚያ የዲስኩ ሞዴልና መጠን ተጽፎ ካገኙት ዲስኩ ደህና ነው፤ ካቻቢቴ አያንሱ። የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ በወጡ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል መቆጣጠሪያ ከፋብሪካ በርቶ ይመጣል። ኤስኤስዲው ለሲስተሙ በቀጥታ መታየቱ ይቀርና ከዚህ መቆጣጠሪያ ጀርባ ይቀመጣል። የመጫኛው ፍላሽ ኤንቪኤምኢ ከሚባለው ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት ጋር መነጋገር ይችላል፤ ከቪኤምዲ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ከሌለው ግን ከጀርባው ያለውን ዲስክ አያየውም። ትናንት ሲሠራ የነበረው ዊንዶውስ ድራይቨሩ አብሮት ተጭኖ ስለመጣ ነው ችግሩን ሳያሳይዎት የቆየው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ድራይቨሩን ማቅረብ ነው። በሌላ ኮምፒውተር የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከአምራቹ የድጋፍ ገጽ ላይ ፈልገው፣ «ስቶሬጅ» ከሚለው ክፍል ከቪኤምዲ ጋር የሚያገናኘውን የኢንቴል አርኤስቲን ድራይቨር ያውርዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያወረደውን የመጫኛ ፋይል እንዳለ ፍላሹ ላይ ይገለብጠዋል። የዊንዶውስ መጫኛ ግን የሚፈልገው የታሸገውን ፋይል ሳይሆን በውስጡ ያሉትን ኢንፍ፣ ሲስና ካት የሚባሉ ፋይሎች ነው። የመጣው ዚፕ ከሆነ መፍታት ብቻ ይበቃል። ሴትአፕአርኤስቲ የሚባለው የመጫኛ ፋይል ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ክሊክ ማድረግ አይጠቅምም፤ ቪኤምዲ የሌለው ኮምፒውተር ላይ «ይህ ኮምፒውተር አይደገፍም» ብሎ ይዘጋል። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎ ሰረዝና «ኤክስትራክትድራይቨርስ» የሚለውን ቃል ሳይነጣጠል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር አድራሻ ይጻፉ። ከሚወጡት ፎልደሮች ውስጥ ቪኤምዲ የሚለውን ከነሙሉ ይዘቱ ወደ መጫኛው ፍላሽ ይገልብጡ።

ከዚያ ባዶው ዝርዝር ላይ ሲደርሱ «ሎድ ድራይቨር»፣ ከዚያም «ብራውዝ» ብለው ያንን ፎልደር ይምረጡ። «ኢንቴል አርኤስቲ ቪኤምዲ ኮንትሮለር» ብሎ የሚጀምር መስመር ይመጣል። መጨረሻው ላይ 467ኤፍ ካለ የ12ኛው ትውልድ ነው፤ 9ኤ0ቢ ካለ የ11ኛው ነው። የእርስዎን መርጠው ሲቀጥሉ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዲስኩ ብቅ ይላል። 476 ጊጋባይት ነው ቢልዎት አይደንግጡ፤ አምራቹ 512 ያለውን ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ ስሌት ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር የማይስማሙ ድራይቨሮችን ደብቅ የምትለው ሳጥን ላይ ያለችውን ምልክት ብዙዎች ያነሷታል። ባይነኳት ይሻላል። ምልክቷ ሳይነሳ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ የያዙት ድራይቨር ለሌላ ማሽን ነው፣ ወይም የጠቆሙት ፎልደር ትክክለኛው አይደለም ማለት ነው። ምልክቷን አንስተው የማይስማማ ድራይቨር ቢጭኑ ዲስኩ አይመጣም፤ ጠቃሚውን ፍንጭ ብቻ ያጣሉ።

ሁለተኛው መውጫ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋት ነው። አሱስ ላይ «አድቫንስድ» ከሚለው ገጽ ሥር «ቪኤምዲ ሴትአፕ ሜኑ» ውስጥ ይገኛል። ዴል ላይ የሳታና ኤንቪኤምኢ አሠራር ከሚመረጥበት ቦታ «ሬይድ ኦን» የሚለውን ወደ «ኤኤችሲአይ»፣ ማለትም ዲስኩ ለሲስተሙ በቀጥታ ወደሚታይበት አሠራር መቀየር ነው። ኤሰር ላይ አማራጩ የተደበቀ ስለሆነ «ሜይን» የሚለው ገጽ ላይ ሆነው ኮንትሮልና ኤስን አብረው ሲጫኑ ይወጣል።

ይህኛው ይፈጥናል፤ አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ላፕቶፕም የሚያጎድለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም የእኛ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። ባዮሱ አንድ ቀን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ቢመለስ ቪኤምዲ ተመልሶ ይበራል፤ ያን ዕለት ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳም ይላል፤ ከወራት በፊት ምን እንደተነካም የሚያስታውስ አይገኝም። ካጠፉት ቢያንስ በወረቀት ጽፈው ከላፕቶፑ ሥር ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ከላፕቶፔ 256 ጊጋባይቱን ኤም.2 ኤስኤስዲ አውጥቼ ባለ 1 ቴራባይት ገጠምኩ። የዊንዶውስ መጫኛውም ሆነ ባዮሱ አያየውም። ሁለቱ ዲስኮች በርዝመትና በስፋታቸው ፍጹም እኩል ናቸው። የሸጠልኝ ሰው ዲስኩ አዲስና ጤነኛ ነው ይላል።

መልስ፦ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኤም.2 የቅርጽ ስም ነው፤ ዲስኩ በምን እንደሚነጋገር አይናገርም። ሁለቱም 2280 ከሆኑ፣ ማለትም 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ካላቸው፣ በዓይን መንትያ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ሳታ የሚባለው የቆየው የግንኙነት ዓይነት፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል። የላፕቶፑ ሶኬት አንዱን ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ተሠርቶ ከሆነ ሌላውን ምንም ዓይነት ድራይቨር አያስነሳውም።

ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ወርቃማው ጥርስ ያለበትን ጫፍ ይዩ። ሁለት ቦታ የተጎረደው ባብዛኛው ሳታ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ የተጎረደው ባብዛኛው ኤንቪኤምኢ። «ባብዛኛው» ያልነው ሁለት ጉርድ ያላቸው ኤንቪኤምኢ ዲስኮችም ስላሉ ነው። ስለዚህ ሌብሉ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የላፕቶፑ ሶኬት የትኛውን እንደሚቀበልም ከአምራቹ የሞዴል መግለጫ ያረጋግጡ። አሮጌው ሳታ፣ አዲሱ ኤንቪኤምኢ ሆኖ ከተገኘና መግለጫው ሳታ ብቻ ካለ፣ ዲስኩን ከማስለወጥ ሌላ መላ የለም።

ዓይነታቸው አንድ ከሆነ አገጣጠሙን ይጠርጥሩ። ላፕቶፑን ሺፍትን ይዘው «ሻት ዳውን» በማለት ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ከፍተው የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ያላቅቁ፤ ከዚያ ማብሪያውን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ዲስኩ ወደ ሶኬቱ የሚገባው ተኝቶ ሳይሆን ወደ ላይ ዘንበል ብሎ፣ በግምት በ30 ዲግሪ ነው። እስከ መጨረሻው ሲገባ ከወርቃማው ጥርስ የሚታየው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ጥርሱ ከዚያ በላይ በግልጽ ከታየ አልገባም። በትክክል የገባ ዲስክ ሲለቁት በራሱ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ ያኔ በጣት ወደ ታች ተጭነው ብሎኑን ያስሩታል። ብሎኑ የጠፋበት ሰው በፕላስተር አጣብቆ ሲዘጋው እናያለን፤ ላፕቶፑ በሞቀና በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግንኙነቱ ይላላል።

አሁንም ካልታየ አሮጌውን መልሰው ይግጠሙት። እሱ ከታየ ሶኬቱ ደህና ነው። አዲሱን ደግሞ በዩኤስቢ ማቀፊያ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። ማቀፊያውም የሳታና የኤንቪኤምኢ ተብሎ እንደሚለያይ አይርሱ፤ በማይሆነው ማቀፊያ ተሞክሮ «ሞቷል» የተባለ ጤነኛ ዲስክ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ዲስኬ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። መጫን ጀምሮ መሐል ላይ የተቋረጠበትም ጊዜ አለ።

መልስ፦ መጀመሪያ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ዲስክ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዘው እንደ ሪባን በሳሳ ኬብል ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይቆነጠጣል፣ ሲታጠፍ ውስጡ ይሰበራል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መቆለፊያም ይላላል። ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ ለውጥ ከሌለ ለላፕቶፑ ሞዴል የተሠራ ኬብል ይቀይሩ። ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ሆኖ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። መረጃ ካለበት መጫኑን ትተው መጀመሪያ መረጃውን ያውጡ።

ጥያቄ፦ መጫኑን ገና ስጀምር «ኮምፒውተርዎ የሚያስፈልገው የሚዲያ ድራይቨር የለም» ይለኛል። የአርኤስቲ ድራይቨር ብሰጠውም አይቀበልም።

መልስ፦ ይህ መልእክት ስለ ውስጡ ዲስክ አይደለም። መጫኛው ማንበብ ያቃተው የራሱን ፍላሽ ነው። ፍላሹን ነቅለው በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሞክሩ፤ በተለይ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ከሆነ ወደ ጥቁሩ ያዛውሩት። ካልሆነ የዊንዶውስ መጫኛውን የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል እንደ አዲስ አውርደው ፍላሹን በድጋሚ ያዘጋጁ። የሚጭኑት ዊንዶውስ 7 ከሆነ ችግሩ ከዚህ ይሰፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ያ ሲስተም የዩኤስቢ 3ም የኤንቪኤምኢም ድራይቨር ይዞ አልመጣም። የማይክሮሶፍት ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ስላበቃ እሱን በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ለማስነሳት መድከም አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ይታያል፤ ግን «ዊንዶውስ እዚህ ዲስክ ላይ ሊጫን አይችልም፣ የፓርቲሽን ሠንጠረዡ ኤምቢአር ነው» ይላል። ደግሞስ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ልጭን ስሞክር አርኤስቲን አጥፋ ያለኝ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ አይያያዝም። የመጀመሪያው የሚመጣው ፍላሹ በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የባዮስ ዓይነት ሲነሳ ነው፤ ያኔ ዊንዶውስ የሚጫነው የፓርቲሽን ሠንጠረዡ (የዲስኩ ክፍፍል መዝገብ) ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት በሆነ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ ኤምቢአር አሮጌው ነው። ዲስኩ ላይ የሚፈለግ ነገር ከሌለ፣ መጫኛው ገጽ ላይ ሆነው ሺፍትና ኤፍ10ን አብረው ይጫኑ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ውስጥ «ዲስክፓርት»፣ ከዚያ «ሊስት ዲስክ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የመጫኛው ፍላሽም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ዲስክ 0 ሁልጊዜ የውስጡ ነው ብለው አይገምቱ፤ በመጠኑ ይለዩት። «ሴሌክት ዲስክ» ከቁጥሩ ጋር፣ ቀጥሎ «ክሊን»፣ ቀጥሎ «ኮንቨርት ጂፒቲ» ይበሉ። ክሊን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ኢንተር እንደተጫኑ ፓርቲሽኖቹ በሙሉ ይጠፋሉ።

የኡቡንቱው ከመጀመሪያው አንባቢ ችግር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ዲስኩ ከኢንቴል መቆጣጠሪያ ጀርባ ነው። እርስዎ ግን ዊንዶውሱን ስለሚፈልጉት ባዮስ ውስጥ ዝም ብለው አይቀይሩ፤ ሰማያዊ ስክሪን ይገጥምዎታል። መጀመሪያ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመመለሻ ቁልፍ ከላፕቶፑ ውጪ ያስቀምጡ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭነው «ኤምኤስኮንፊግ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ «ቡት» በሚለው ገጽ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርገው «ሚኒማል»ን ይምረጡ። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጥቂት ድራይቨሮች ብቻ የሚነሳበት አሠራር) ፒን ላይቀበል ስለሚችል፣ ባለ ጥቂት አኃዝ ፒን ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ የይለፍ ቃልዎን አስቀድመው ያስታውሱ። እንደገና ሲያስነሱት ዊንዶውስ ሳይጀምር በቀጥታ ባዮስ ገብተው ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩ ወይም ቪኤምዲን ያጥፉ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ራሱ ያነሳል። ከዚያ ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ያደረጉትን ምልክት አንስተው እንደገና ያስነሱት። ዊንዶውስ በወጉ መነሳቱን ካዩ በኋላ የኡቡንቱውን ፍላሽ ይሰኩ።