ከስምንተኛ ደረጃ በኋላ የፒያኖ ዲፕሎማ

ጥያቄ፦ በብሪታንያው የሙዚቃ ፈተና ቦርድ፣ በአሶሺየትድ ቦርድ (ኤ.ቢ.አር.ኤስ.ኤም)፣ የስምንተኛ ደረጃ የፒያኖ ፈተና ከ150 ነጥብ 121 አግኝቻለሁ። አስተማሪዬ ጊዜ ሳላጠፋ ለዲፕሎማ እንድመዘገብና የቤትሆቨንን «ፓቴቲክ» ሶናታ እንድጀምር መክረውኛል። እኔ ግን የበቃሁ አይመስለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከ120 እስከ 129 ነጥብ ያስመዘገበ ተማሪ በሜሪት፣ ማለትም ከተራ ማለፊያ ከፍ ባለ ውጤት፣ ያለፈ ነውና ስለ መሠረትዎ አይስጉ። ይሁን እንጂ የቦርዱ የመጀመሪያ ዲፕሎማ፣ ማለትም ኤ.አር.ኤስ.ኤም፣ እስካሁን ከለመዱት የተለየ ነገር ይጠይቃል፤ ስኬልም (ኖታዎችን በቅደም ተከተል መውጣትና መውረድ) ሆነ የጆሮ ፈተና የለውም፤ 30 ደቂቃ የሚፈጅ የሙዚቃ ሥራዎች ዝግጅት ብቻ ይቀርባል፤ ከዚህም ቢያንስ 20 ደቂቃው ቦርዱ ካወጣው ዝርዝር የተመረጠ መሆን አለበት። በሦስት አጫጭር ሥራዎች የተገራ ተጫዋች የሚቸገረው በኖታው ክብደት ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሐሳቡንና ጉልበቱን ሳይበትን በመቆየት ነው።

«ፓቴቲክ» ይህን በግልጽ ያሳያል። በመጀመሪያው ክፍል ዝግተኛው መግቢያ አልፎ ፈጣኑ ሲጀምር የግራ እጅ ኦክታቩን (አንዱን ኖታ ከታችና ከላይ) እያፈራረቀ ያለማቋረጥ ይመታል፤ አንጓውን አድርቆ በጣቶቹ ብቻ የሚገፋ ሰው ገጹን ሳይጨርስ ክንዱ ይዝላል። መፍትሔው ክንዱ ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ ጣት በቀላሉ እንዲዞር ማድረግ ነው፤ ይህንንም በዝግታና በለስላሳ ድምፅ ይለማመዱት፤ ኖታው ራሱ ቦታው በለስላሳ እንዲጀመር ያዛልና። ከሶናታው ቀጥሎም የግራ እጅን የሚያደክም ሌላ ሥራ አያስከትሉ።

ስለዚህ ሶናታውን ከአሁኑ ቢጀምሩ አልቃወምም፤ ምዝገባውን ግን ያቆዩት። ለጥቂት ወራት ፈተና የማይቀርብባቸውን ሥራዎች በብዛት ያንብቡ፤ በተለይ የአቀናባሪውን የባህን ፊውጎች (ብዙ የዜማ መስመሮች፣ ማለትም ድምፆች፣ እየተከታተሉ የሚገቡባቸውን ሥራዎች) እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው እየተጫወቱ ያጥኑ፤ ጆሮን እንደዚህ የሚያሠለጥን ሌላ ልምምድ አላውቅም። ዝግጅትዎን ከመረጡ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ቢሳሳቱም ሳያቆሙ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወቱትና ይቅረጹት። ቅጂውን ሲያዳምጡ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ፍጥነቱ ይጨምር እንደሆነና የፔዳሉ አያያዝ ይደበዝዝ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ድካም መጀመሪያ የሚታየው በእነዚህ ላይ ነው። ሙሉ ዝግጅቱን በሰዎች ፊት ደጋግመው ተጫውተው መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ከጠራ፣ ያን ጊዜ ይመዝገቡ።